ለሹፌሮቹ ያልነገርኋቸው

ደብረ ታቦር ውስጥ መካኒክ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ላንድክሩዘር ነው፤ ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከጋይንት፣ ከእብናት የሚመጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የእርዳታ ድርጅት መኪና። የንስሐ አባቴ ጾም ሲገባ «የሰው ገንዘብ ነክተሃል?» ብለው ይጠይቁኛል። «አልነካሁም» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው። ያልቀየርሁትን ዕቃ ቀየርሁ ብዬ ሒሳብ አልጻፍሁም፤ አሮጌ አጥቤ በአዲስ ዋጋ አልሸጥሁም። ጥያቄያቸው ግን እዚያ ላይ ይቆማል፤ እኔም ደስ እያለኝ እዚያው አቆመዋለሁ። «የምታውቀውን ከሰው ደብቀሃል?» ቢሉኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም።

የደበቅሁት የፍሪሲዮን ነገር ነው። ፍሪሲዮኑ እምቢ ያለው ሹፌር አንድም መፍቻ ሳይዝ የመኪናው ሕመም ውጭ ይሁን ውስጥ ሊለይ ይችላል። ውጭ ከሆነ ጥቂት ጎሚኒ (ዘይት የሚያግዱት ትንንሽ ጎማዎች)፣ አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይትና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ውስጥ ከሆነ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ እሱ የብዙ ሰው ጉልበትና የቀናት ሥራ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። የወረዳ መሥሪያ ቤት መኪና ከሆነ ደግሞ ግዢው ጸድቆ ብሩ እስኪወጣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይከርማል፤ ክትባት የሚያደርስ፣ ምጥ የያዛት እናት የሚያመጣ መኪና። ሁለቱን የሚለየውን ምልክት እኔ አውቃለሁ፣ ሹፌሩ አያውቅም። እንዳያውቅም ፈለግሁ።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲያውቅ እነግረዋለሁ፤ ኑዛዜዬም ያው መንገሬ ነው።

በእነዚህ መኪኖች ላይ ፔዳሉንና ፍሪሲዮኑን የሚያገናኘው ሽቦ ሳይሆን ዘይት ነው። ከፔዳሉ ፊት ለፊት፣ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ የላይኛው ፖምፓ አለ። ሹፌሩ ሲረግጥ ፒስተኑ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ከካምቢዮው ጎን የተቀመጠው የታችኛው ፖምፓ ደግሞ ያን ግፊት ተቀብሎ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታውም መጫኛውን ፕሌት ይገፋና ዲስኩ ከሞተሩ ይላቀቃል። ፔዳሉ ረጅም መንገድ ሲወርድ ታች ያለው ዘንግ የሚሄደው ከ1 ሳንቲሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ጉልበቱ እንዲበረታ ተብሎ ጉዞው አጥሯል። የፍሪሲዮን ችግር ብዙውን ጊዜ ከዚህች አጭር ጉዞ ይመነጫል። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። ሽምብራ የምታህል አየር ቱቦው ውስጥ ብትገባ ከዚያች አንድ ሳንቲሜትር ላይ ትቆርጣለች፤ ዲስኩም ሙሉ በሙሉ ሳይላቀቅ ይቀራል። ሹፌሩ የሚያየው ማርሹ አልገባ ማለቱን ብቻ ነው። ካምቢዮው የተሰበረ ይመስለዋል፣ ፊቱ ይገረጣል። የገረጣ ፊት ይዞ ወደ እኔ ይመጣል።

መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፋ። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሾቹን አንድ በአንድ ያስገባ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በለስላሳው ከገቡና ሞተሩ ሲነሳ እምቢ ካሉ ካምቢዮውን አይጠርጥር፤ ያልተላቀቀው ፍሪሲዮኑ ነው። የኋላ ማርሽ ከሁሉ ቀድሞ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ ወደፊት የሚሄዱት ማርሾች ፍጥነታቸውን የሚያስማማ ቀለበት ሲኖራቸው እሱ ከእነዚህ መኪኖች በብዙዎቹ ላይ የለውም፤ ስለዚህ ጥቂቷን መጎተት እንኳ ይናገራል።

ቀጥሎ ፔዳሉን በፍጥነት ሁለት ሦስቴ ይርገጥ። ፔዳሉ ከፍ ብሎ ከጠነከረና ማርሹ ከገባ ነገሩ የዘይት ነው፤ አየር ገብቷል፣ ወይም ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይም ጎሚኒው አልቋል። ይህን ካየ በኋላ ሜዳ ላይ፣ ፊቱ ክፍት በሆነ ቦታ፣ ሞተሩ እየሠራ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ ይቆይ፤ ሌላው እግሩ ፍሬን ላይ ዝግጁ ይሁን። መጀመሪያ ጸጥ ብሎ የቆመው መኪና ቀስ እያለ መሳብ ከጀመረ፣ ከእግሩም ሥር ፔዳሉ እየሰጠመ ከሆነ፣ የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈው ነው። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አይታይም፤ ያመለጠው ዘይት ተመልሶ እዚያው ማጠራቀሚያው ውስጥ ስለሚገባ መጠኑም አይጎድልም። የእኔ ምስጢር ይህ ነበር። ሹፌሩ ከመኪናው ሥር አጎንብሶ «ምንም አይፈስም እኮ ጋሼ» ሲለኝ ፊቴን ቋጠር አድርጌ ዝም እል ነበር።

የሚፈስ ከሆነ የሚታይበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ጋቢናው ውስጥ ነው፤ ከፔዳሉ በላይ ገፊው ዘንግ ወደ ፖምፓው በሚገባበት በኩል ጣትን ሰድዶ መዳሰስ፣ ምንጣፉንም ገልጦ ማየት። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ከላይኛው ፖምፓ በታች ግድግዳው ቀለሙ ተነስቶ ብረቱ ወጥቶ ከታየ ሲፈስ የቆየ ነው። ሌላው የታችኛው ፖምፓ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ነው፤ እሱ ገለጥ ሲደረግ ዘይት ከወረደ ጎሚኒው አብቅቷል። ጭቃ ስለሚሸፍነው በጨርቅ ጠርጎ፣ ጥቂት ረግጦ፣ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ካምቢዮ ወደማውረድ የሚወስደው ምልክት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ረዳቱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሹፌሩ ከሥር ሆኖ የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ያያል። ዘንጉ ሙሉ ጉዞውን ሄዶ ፍሪሲዮኑ ካልተላቀቀ ዘይቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ሕመሙ ውስጥ ነው። ሹካው ተሰንጥቆ፣ ኩሽኔታው ተበልቶ፣ ወይም ርብን ወይም ጉማራን በክረምት ተሻግሮ ለቀናት የቆመ መኪና ከሆነ ዲስኩ በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ወይም በጥቂቱ ብቻ ከሄደ ግን ካምቢዮ የሚያስወርድ ምክንያት የለም። ማንም «ይውረድ» ቢለው እሺ አይበል፤ እኔም ብለው እንኳ።

ይህን ያህል ነው። አንድ ማለዳ ተቀምጦ የሚማሩት ነገር ነው። ለምን እንደደበቅሁት ግን ራሴን ስመረምር ከገንዘብ ይልቅ የሚያሳፍረኝን ነገር አገኘሁ።

ያደግሁት ፋርጣ ገጠር ነው። በሰፈራችን ማረሻ የሚሠራልን ቀጥቃጭ ነበር። ያለ እሱ ማንም አያርስም፤ ከእሱ ጋር ግን ማንም አይጋባም። ሕፃን ሲታመም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነበር፤ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይባላል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ እኛ ሰፈር የደረሰ አይመስለኝም። ጋራዥ ልገባ ስል እናቴ አለቀሰች። «ከብረት ጋር ልትውል ነው?» አለችኝ። ያ ለቅሶ አልለቀቀኝም። ከዓመታት በኋላ የትልቅ ሰው መኪና ቆሞ፣ ኮት የለበሱ ሰዎች ዙሪያዬን ከበው የእኔን ቃል ሲጠብቁ፣ ያን ጸጥታ ከብሩ ይልቅ ወደድሁት። ሹፌሩ «ስረግጥ ይሰጥማል፣ ሲደጋገም ይነሳል» ሲለኝ እዚያው አውቄዋለሁ። ሆኖም ኮፈኑን አስከፍታለሁ፣ ባትሪ አምጡ እላለሁ፣ ረጅም ጊዜ አያለሁ፣ እጄን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ነው የምናገረው። ሹፌሩ ራሱ ቢያውቀው ያ ጸጥታ አይኖርም። የደበቅሁት ለዚህ ነው።

እዚሁ አጠገባችን ጋፋት አለ። አጼ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያን ሰብስበው መድፍ ያስወጡበት ቦታ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የፈሰሰው እዚያ ነው፤ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር መንገድ እየጠረጉ፣ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ስሰማው የሚያኮራኝ የመድፉ ክብደት ነበር። አሁን የማስበው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። በዚያው ዓመት ንጉሡ ሞቱ፤ ከሚሲዮናውያኑ አንዱ ዋልድማየርም ሌሎቹም ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ጭቃ ያቦኩ፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ወናፍ የነፉ የአገሬ ሰዎች እዚሁ ቀሩ። ጋፋት ግን ከዚያ ወዲያ መድፍ አላወጣችም። ጥበቡ በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነበርና እነሱ ሲሄዱ አብሮ ሄደ። ይህን ታሪክ ለእንግዳ ስንቴ ተርኬዋለሁ፤ ስተርከው ራሴን ከቀሩት ወገን እቆጥር ነበር። የያዝሁትን ይዤ ልሄድ ከተዘጋጁት ወገን መሆኔን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እንዳውቀው ያደረገኝ አንድ ከስማዳ የመጣ ሹፌር ነው። ወጣት ነው። ክረምት ነበር። መንገድ ላይ ፍሪሲዮኑ ጠፍቶበት መኪናው ውስጥ አድሯል፤ የጉና ተራራ ነፋስ በሐምሌ ሌሊት ምን እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቃል። ሲነጋ ያለ ፍሪሲዮን ነድቶ መጣ። እንዴት እንደነዳው ሲነግረኝ አደነቅሁት፤ ማንም አላስተማረውም። ሞተሩን አጥፍቶ ከባዱን ማርሽ፣ ሎውን፣ አስገብቷል፤ ከዚያ አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጎ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው በሞተር ማስነሻው ጉልበት ተስቦ ተነስቷል። ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ ማርሹን ወደ ባዶ ይስበዋል፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪወርድ ይጠብቃል፣ ከዚያ በሁለት ጣት እየገፋ ያስገባዋል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አልቀየረም፤ አናቱ ላይ በመረጠው ማርሽ እስከ ታች ወርዷል። ልክ ነው። ቁልቁለት መሀል ወደ ባዶ ያወጣ ሰው መልሶ ላያስገባው ይችላል።

ጋራዥ ደርሶ እንደወረደ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እዚያው ሳለሁ ማወቅ እችል ነበር?»

«አትችልም» አልሁት። «ይሄ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል።»

የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ ነበር። እዚያው ሳለ ደጋግሞ ቢረግጠው ማርሽ ይገባለት ነበር፤ በዚያው ማታ አልጋው ላይ ማደር ይችል ነበር። እየመረቀኝ ከፍሎ ሄደ። ያ ምርቃት ነው የከበደኝ። ከብልሃቱ ሁሉ በኋላ፣ አላዋቂ መሆኑን እኔ ነገርሁትና አመነኝ።

ስለ ዘይቱም ያልተናገርሁት አለ። ገጠር ውስጥ ማጠራቀሚያው ሲጎድል የተገኘው ይጨመራል፤ የሞተር ዘይት፣ አንዳንዴም ናፍጣ። የፍሬን ዘይት ከማዕድን ዘይት የተለየ ነው፤ የሞተር ዘይት የነካው ጎሚኒ አብጦ ይለሰልሳል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያለው ጎማ ሁሉ ይቀየራል። ምንም ካልተገኘ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ንጹሕ ውሃ ይሻላል፤ ደርሶ ወዲያው ከታጠበና ከተቀየረ። ትክክለኛው ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ያልተከፈተ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ እርጥበቱም ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ፖምፓውን ስፈታ ጥፍሬን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ አሳልፋለሁ። ጥፍሬን የያዘው ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ማባከን ነው፤ በቅርቡ ይቆረጣል፤ ሙሉ ፖምፓው ነው የሚቀየረው። ጥፍሬ ሳይደናቀፍ ካለፈ ጎሚኒው ይበቃል። ይህንንም ባለ መኪናው ራሱ በጥፍሩ ሊያየው ይገባል። ዘይቱ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢቀየር አብዛኛው ነገር ባልመጣ ነበር።

ተቃራኒው ሕመም አለ፤ ፍሪሲዮኑ የማይዝበት። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ 900 ሜትር ገደማ እንወጣለን፤ ከክምር ድንጋይ ወደ ጉና ትከሻ ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ዳገት አለ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ፣ የሚቃጠል ነገር ከሸተተ፣ ሁሉም «የዲስኩ ሸራ አለቀ» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ፔዳሉ ገና ሲነካ ሊኖረው የሚገባው ትንሽ ባዶ ጉዞ ከጠፋ፣ ወይም ተጣጣፊው የጎማ ቱቦ ከውስጡ ተልጦ ከዘጋ፣ ዘይቱ ታች ታስሮ ይቀራል፤ እግር ተነስቶም ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ይቆያል። ሲሞቅ ይብሳል። ታች ያለውን የአየር ማስወጫ ቪቴ ፈታ ማድረግ ነው። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ መኪናው መያዝ ከጀመረ ዲስኩ ገና ሊያገለግል ይችላል፤ ገፊው ዘንግ ይስተካከላል ወይም ቱቦው ይቀየራል። እኔ ይህን ሁልጊዜ እሞክረዋለሁ፤ ለሹፌሩ ግን አላሳይም ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምሠራው።

ከሁሉ የበደልሁት ረዳቴን ነው። የፍሪሲዮን አየር ሲወጣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉ ላይ፣ ሌላው ከሥር። ከሥር ያለው ቪቴው ላይ ቀጭን ላስቲክ ይሰካል፣ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነክራል። «ርገጥ» ይላል፤ «ያዝ» ይላል፤ ቪቴውን ይፈታል፣ አረፋው ይወጣል፣ ያጠብቃል፤ ከዚያ ነው «ልቀቅ» የሚለው። ፔዳሉ ቪቴው ሳይጠብቅ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይሳባል። ላይ ያለው ማጠራቀሚያም እንዳይደርቅ መሙላት አለበት፤ ከደረቀ ሥራው ከመጀመሪያው ነው። ልጁ ከእኔ ጋር ባሳለፈው ዘመን ሁሉ የተቀመጠው ፔዳሉ ላይ ነበር። ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። አረፋውን አይቶት አያውቅም። ለምን ሦስቱ ቃላት በዚያ ቅደም ተከተል እንደሚመጡ አልነገርሁትም፣ እሱም አክብሮኝ አልጠየቀኝም። ቀጥቃጩን የናቅንበትን ንቀት ፈርቼ፣ በራሴ ጋራዥ ውስጥ ረዳቴን እግር ብቻ አደረግሁት።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ሳልጠየቅ ተናገርሁ። ብዙ አላወሩም። «ሙያህን አስተምር፣ ቀኖናህ ይህ ነው» አሉኝ። ቀላል መሰለኝ። በሚቀጥለው መኪና ልጁን ከሥር አስተኛሁት፣ እኔ ፔዳሉ ላይ ተቀመጥሁ። አፍሮ መጀመሪያ ድምፁ አልወጣ አለ። ቆይቶ «ይርገጡ ጋሼ» አለኝ። «ይያዙ።» ረጅም ጊዜ ቆየ፤ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ መለስሁት። «አረፋው አላለቀም ጋሼ፣ እንዳይለቁት!» ብሎ ጮኸ፤ የጮኸው ልክ ነበር።

ለሹፌሮቹም እነግራቸዋለሁ፤ ሞተር አጥፍቶ ማርሽ ማስገባቱን፣ ደጋግሞ መርገጡን፣ ዘንጉን ማየቱን። አንዳንዱ አሁን ገና ከመውረዱ «የላይኛው ፖምፓ ነው፣ ጎሚኒ ይዤ መጥቻለሁ» ይለኛል። ትክክል ነው። ሥራው ያጥራል፤ መኪናው በዚያው ቀን ወደ ወረዳው ይመለሳል። ይህን ሲለኝ ግን አሁንም ደረቴ ውስጥ የሚወጋኝ ነገር አለ፤ ኮፈኑን ከፍቼ ሰው ሲጠብቀኝ የነበረው ያ ጸጥታ ይናፍቀኛል። ለንስሐ አባቴ ይህን ገና አልነገርኋቸውም።